ገመድ ያዥ

ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለ፣
በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየን፦ «እዚህ» አለ፣
«ይሄ ትንሹ ፈረስ፣ የባሕሩ ፈረስ፣
ትናንትን ተሸክሞ ነገ የሚያደርስ፣
እሱ ነው የከሳ።»
ቀጥሎ ከጎኑ አንዲት ነጥብ አነሣ፦
«ይቺ ደግሞ ለውዝ። ፍርሃትና ፍቅር፣
ደስታም ቁጣም ሁሉ እሷ ጋ ነው 'ሚያድር።
እሷም መኮማተር ጀምራለች፤ ግና
ከፈረሱ ይልቅ ትቆያለች ገና።»

ልጆቹ አለቀሱ።
እኔ የባቢሌ ልጅ፣ «ለውዝ» ሲል ሰምቼ
ከሙሐረቅ ሐኪም ቤት በሐሳብ ወጥቼ፣
ካባቴ ማሳ ላይ ነበርኩኝ ጎንብሼ፣
ካሸዋ የነቀልኩትን በቀሚሴ አብሼ።
የነሱ ለውዝ ሌላ፣ ዛፍ ላይ ነው 'ሚያፈራው፤
የኛው ግን አፈር ውስጥ፣ ጨለማ ነው ሥፍራው።
በሐጂ ሰርሃን ራስ የቱ እንደተተከለ
እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሐኪሙ መች አለ።

ሐጂ ሰርሃን ድሮ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም፣
በእግሩ ድንጋይ አስሮ ነበር የሚሰጥም፣
ሉል ለቀማ። ከላይ አንድ ገመድ ያዥ ነበር፣
ትንፋሹን አፍኖ አብሮት የሚቆጥር፤
ከታች ሁለት ጊዜ ገመዱ ሲሳብ
ሳይጠይቅ የሚያወጣው፣ «ቆይ» ሳይል፣ ሳያስብ።

ይህን ይተርካል። ሳይሳሳት፣ ሳይደክም።
የዛሬ ቁርሱን ግን በላሁ ብሎ አያውቅም።
ልጁን «የማን እንግዳ ነህ?» ይለዋል በአክብሮት።
እኔን «ሙዛ» ይለኛል፤ በፈንጣጣ የሞተችበት
እህቱ ናት አሉኝ። መጀመሪያ አረምኩት፦
«ረምላ ነኝ፣ ሐጂ፣ ረሳኸኝ?» በኋላ ግን ተውኩት።
(እኛ አገር «አንቱ» የለም፤ ዐረብኛም የለውም፤
ሰውን አቅርቦ መጥራት ንቀት አይደለም።)

አንድ ማለዳ ልጁ ስለ ጠፋ ቁልፍ
ጮኸበት። ጩኸቱ ከጆሮው ሳያልፍ
ፈረሱ ጣለው፦ ጩኸቱን፣ ቁልፉን፣ ልጁን።
ለውዟ ግን ያዘች፤
ቀኑን ሙሉ ሲያሻሽ ዋለ ሁለት እጁን።
«ሙዛ፣ ሰው ሞቷል እንዴ? ምንድነው የከፋኝ?»
«ማንም አልሞተም» አልኩት። ውሸት መሰለኝ።

በረመዳን ደግሞ የሉል ቀለበቱ
ጠፋና፣ ወደ እኔ ተቀሰረ ጣቱ፦
«ሌባ!»
ሻንጣዬን ዘረገፈች እመቤቲቱ፣
የልጄን ፎቶ፣ የውስጥ ልብሴን፣ ያጠራቀምኩትን ዲናር፣
ምንጣፉ ላይ በትና፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ በር ዳር።
ቀለበቱ ተገኘ፣ ከሩዝ ጆንያ ሥር።

ማታ ረስቶታል። በማፍጠሪያው ሰዓት
ከሁለት ቴምር አንዷን፣ «ሙዛ፣ እንኪ፣ ቅመሻት»
ብሎ ሰጠኝ።
የኔ ፈረስ ደህና ነው፤ የኔም ለውዝ ሙሉ ናት፤
ያቺን የምንጣፍ ቀን ሁለቱም አልረሷት።
ቴምሯን በላኋት። ፍሬዋን ግን፣ እንጃ፣
በቀሚሴ ኪስ ያዝኳት።

ትናንት ሌሊት ነቃ። ውሃ ውስጥ እንዳለ
ትንፋሹን አፍኖ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ እያየኝ ዝም አለ።
የመንገዱ መብራት አልጋው ላይ ሲዋኝ
የቀሚሴን ጫፍ ያዘ፤
ሳበኝ፤
ሁለት ጊዜ ሳበኝ።

ስሜን አያውቀውም። የእህቱንም ረስቷል።
እጁ ግን ከላይ የቆመ ሰው እንዳለ ያምናል።
ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ነው የቀረው፤
ከዚያ ወዲያ ገመዱን ማን እንደሚይዘው
አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩ።
ብብቱ ሥር ገብቼ፣ ቀስ አድርጌ ሳብኩ፤
ተነፈሰ።

«ስንት ሉል አወጣሁ?» አለኝ መዳፉን ዘርግቶ።
ከኪሴ የቴምሯን ፍሬ አኖርኩለት፤ ጣቶቹን ዘግቶ
ተኛ።